ኳስ ሜዳው መቼ ነው ጭፈራ ቤት የሆነው?

ለመሆኑ በተማሪዎች ውድድር ላይ ከሞንታርቦው የሚወጣውን ዘፈን የሚመርጠው ማን ነው? ርእሰ መምህሩ ናቸው? የስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ነው? የወላጅ ኮሚቴው ነው? ማናቸውም አይደሉም ጎበዝ! ብዙውን ጊዜ የሚመርጠው ሞንታርቦውን ያከራየው ሰው ነው። ፍላሹን ይሰካል፣ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ቅዳሜ ማታ በመጠጥ የተጨፈረበት፣ የመኝታ ቤት ገመናን ያለ ኀፍረት የሚዘረግፍ ዘፈን እሑድ ጠዋት የ13 ዓመት ልጆች ጆሮ ላይ ይለቀቃል። እኛም ያልሰማን መስለን እናጨበጭባለን።

“አዲስ አበባ የለመደችውን ትልመድ” ብለን ማለፍ አንችልም። እስቲ ነገሩን ባሌ ላይ አምጥተን እንየው። ሮቤ ወይም ጎባ የትምህርት ቤቶች ሩጫ ተዘጋጀ እንበል። የስንዴ ማሳውን ትቶ የመጣ የሲናና ገበሬ አለ። ነጠላዋን ያጣፋች እናት አለች። ሼኪውም ቄሱም ከሜዳው ዳር ቆመዋል። የመጡት ልጆቻቸውን ለማየት ነው። በዚህ መሀል ያ ዘፈን ይፈነዳል። አባትየው አንገቱን ይደፋል፤ ማንንም አይሳደብም፣ አቤቱታም አይጽፍም። ማታ ቤቱ ሲገባ ግን “ከነገ ጀምሮ ሜዳ የሚባል ነገር የለም!” ይላታል ልጁን።

አለቀ። ባለ ሞንታርቦው ኪራዩን ተቀብሎ ሄዷል። አዘጋጁ “ውድድሩ በደማቅ ሁኔታ ተጠናቀቀ” ብሎ ሪፖርት ጽፏል። የከሰረችው ልጅቷ ብቻ ናት።

ይህ ደግሞ ቀላል ኪሳራ አይደለም። ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ጎባ ደግሞ ትበልጣታለች። ሯጭ የሚያበቅል አየር ነው። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10 ሺህ ሜትር፣ ፋጡማ ሮባ በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ በማራቶን ወርቅ ያመጡት ከጎረቤት አርሲ ወጥተው ነው። ማንም ሴት ልጅ ጓዳ ተቀምጣ ሜዳሊያ አላመጣችም። ሴት ልጅን ሜዳ ለማውጣት ስንት ልመና፣ ስንት ሽምግልና እንደሚጠይቅ የሚያውቅ ያውቀዋል። ያንን ሁሉ ድካም በአንድ ዘፈን ገደል መክተት ምን የሚሉት ዕብደት ነው?

መከራከሪያ ግን አይጠፋም። አንዱ ተነስቶ “ዘፈኑ እንግሊዝኛ ነው፣ ማን ይሰማዋል?” ይላል። ልጆቹ ይሰሙታላ! ያልገባቸውን ከስልካቸው ላይ ፈልገው ያገኙታል። ደግሞስ ነውሩ የፈረንጅ ብቻ ነው እንዴ? በአማርኛውም በኦሮምኛውም ሞልቷል።

ሌላው “አዝማሪስ ብልግና አይዘፍንም? ሰርግ ላይስ ስንት ይባል የለም?” ይላል። ልክ ነው፣ ይባላል። ግን ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ነው። አዝማሪ ቤት አዋቂ ሰው ወድዶ፣ ከፍሎ፣ በሌሊት ይገባል፤ ካልጣመውም ተነስቶ ይወጣል። ደረቱ ላይ ቁጥር ተለጥፎለት መስመር ላይ የቆመ ልጅ ግን ወዴት ይውጣ?

ሦስተኛው “ሳንሱር ይመለስ ልትል ነው?” ይለኛል። አልልም! በ1985 ዓ.ም. በፕሬስ አዋጁ የተሻረው ሳንሱር እንዲመለስ መለመን ከጋዜጠኛ አይጠበቅም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን ይከለክላል፤ ይኸው አንቀጽ የወጣቶችን ደኅንነት ለመጠበቅ በሕግ ገደብ ሊደረግ እንደሚችልም ይናገራል። እኔ ግን አዲስ ሕግም አልጠየቅኩም። ዘፋኙ ይዝፈን፣ አዋቂው ይስማ። ለልጅ የሚቀርበውን መምረጥ ሳንሱር ሳይሆን አሳዳጊነት ነው። አሜሪካ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1985 የሙዚቃ አሳታሚዎቿ ጸያፍ ግጥም ባለበት ሥራ ላይ ለወላጆች ማስጠንቀቂያ ለመለጠፍ ተስማምተዋል። ሳንሱር ነው ብለው የጮኹ ዘፋኞች ነበሩ፤ ዘፈኑ ግን አልታገደም፤ ወላጁ የሚገዛውን እንዲያውቅ ነው የተደረገው። ስንት ዘፈን ነውሩ ተቆርጦለት በሌላ ቅጂ ይወጣ የለም እንዴ?

የሚገርመው የሹማምንቱ ነገር ነው። የክብር እንግዳው ንግግር ቃል በቃል ይታያል፣ ይታረማል፤ እሱ ተነቦ እስኪያልቅ ልጆቹ ፀሐይ ላይ ይንቃቃሉ። ስለ ዘፈኑ ስትጠይቃቸው ግን “ከበላይ የወረደ መመሪያ የለም” ይሏችኋል። አይ እናንተ! ልጅን ከነውር ለመጠበቅም መመሪያ ይውረድ?

ሙዚቃው ይቅር አላልኩም። ውድድር ያለ ሙዚቃ ጨው የሌለው ወጥ ነው። ግን አዘጋጁ ዘፈኖቹን አስቀድሞ ይስማ፤ ቋንቋውን የሚያውቅ መምህር ግጥሙን ይመልከት። ከዝርዝሩ ውጪ እንዳይከፈት በኪራይ ውሉ ላይ ይጻፍ። በውድድሩ ቀን አንድ ኃላፊ ከሞንታርቦው አጠገብ ይቁም። ጌራርሳ ያለው ሕዝብ፣ ፉከራና ሽለላ ያለው ሕዝብ፣ ጀግና የሚወደስበት ዜማ አጥቶ ነው የጭፈራ ቤት ትራፊ ለልጆቹ የሚያቀርበው?

ለአዘጋጆች አንድ ፈተና ልስጥና ላብቃ። የምትከፍቱትን ዘፈን ግጥም ወላጆች በሚሰሙት ቋንቋ ተርጉሙት። ከዚያ ማይክራፎኑን ጨብጡና እዚያው ሜዳ ላይ፣ በአባቶችና በእናቶች ፊት፣ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ማንበብ ካፈራችሁ አትክፈቱት!