ጽኑ ሕሙማንን ከሩቅ ስለ መጠበቅ

ነጋዴ ለሆስፒታል ገንዘብ አዋጣ በተባለ ጊዜ፣ ገንዘቡ በምን ላይ እንደሚውል መጠየቁ ከንፉግነት ሊቈጠርበት አይገባም። በአሁኑ ዘመን ለሩቅ አገር ሆስፒታሎች ይበጃሉ ከሚባሉት ነገሮች አንዱ፣ ጽኑ ሕሙማንን በሌላ ከተማ ያለ ሐኪም በመሣሪያ እንዲጠብቃቸው ማድረግ ነው። ይህ ነገር ለሰቆጣ ቢታሰብ መዋጮው የሚጠየቀው ከእኛው ስለሚሆን፣ አሳቤን በዚህ ጋዜጣ ለመግለጽ እወዳለሁ።

የሥራው አካሄድ እንዲህ ነው። በአልጋው አጠገብ የቆመው መሣሪያ የበሽተኛውን የልብ ምት፣ የደም ግፊትና በደሙ ውስጥ ያለውን የኦክስጅን መጠን እየለካ ወደ ሩቅ ክፍል ይልካል። በዚያ የተቀመጡት ሐኪሞችና ነርሶች የብዙ ሆስፒታሎችን ሕሙማን በአንድነት ይመለከታሉ፤ ቍጥሩ ሲዛባም በአልጋው አጠገብ ላሉት ያስጠነቅቃሉ። በአሜሪካ ቨርጂኒያ፣ በኖርፎክ ከተማ ሴንታራ የተባለው የሆስፒታሎች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2000 ጀምሮታል።

ውጤቱም ተመዝኗል። በማሳቹሴትስ በ7 የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች 6,290 ሕሙማን ተጠንተው፣ እ.ኤ.አ. በ2011 እንደ ታተመው፣ በሆስፒታል የሚሞተው ከመቶ 13.6 የነበረው ወደ 11.8 ወረደ። የተሰማው ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ መዋጮው ነገ ይጀመር ባልሁ ነበር። ዳሩ ግን በብራዚል 30 የጽኑ ሕሙማን ክፍሎችና ከ17,000 በላይ ሕሙማን በገቡበት ምርመራ፣ በግማሾቹ ክፍሎች የሙያው ሊቅ ከሩቅ ሆኖ በየቀኑ ከሐኪሞቹ ጋራ እንዲመካከር ቢደረግም፣ የመቈያው ቀንም ሞቱም አልቀነሰም። ይህም የታተመው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው።

ልዩነቱ ከየት መጣ? በማሳቹሴትስ የሩቁ ሐኪም ማስጠንቀቂያው ሲደወልና የቅርቡ ሰው ሲዘገይ ራሱ ይገባበታል፤ የተዘነጋውንም ያሳርማል። በብራዚል ግን የሩቁ ሰው ሥራ በቀን አንድ ጊዜ መምከር ነበር። ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ ሌላ የአሜሪካ ጥናት፣ ከሕሙማኑ ሁለት ሦስተኛ ለሚሆኑት የሚያክሟቸው ሐኪሞች ለሩቁ ሐኪም የሰጡት ሥልጣን እጅግ ጥቂት ነበር፤ በጠቅላላውም ሞት አልቀነሰም። መዝገቡን ለጸሐፊው አስረክቦ የካዝናውን ቍልፍ በኪሱ ይዞ መንገድ የሚሄድ ነጋዴ ሱቁን እንዴት አድርጎ እንደሚያገኘው እኛ ጸሐፊዎች እናውቃለን።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ1999 ዓ.ም. መጨረሻ የጥቁር አንበሳና የነቀምት ሆስፒታሎች በሕንድ አገር በሐይደራባድ ካለው ኬር ሆስፒታል ጋራ ለሙከራ ተገናኝተው ነበር። ስለዚህ ከሩቅ መመካከር ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። ለሰቆጣው ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታልም ከደሴ ወይም ከአዲስ አበባ ሊቅ ጋራ መገናኘት መልካም ነው። ነገር ግን በ2013 ዓ.ም. ማለቂያ ጦርነቱ ሰቆጣ በደረሰ ጊዜ መብራትና ስልክ ተቋርጠው የታየውን ችግር ለዋግ ሰው መንገር አያስፈልግም። መብራት ሲጠፋ መሣሪያው ከሩቁም ከቅርቡም ይደበቃል። የደሴው ሐኪም ኦክስጅን ጨምሩለት ብሎ ቢያዝ፣ ሲሊንደሩ ባዶ ከሆነ ወይም ለሌሊቱ ያለችው ነርስ አንዲት ብቻ ሆና በሌላ አልጋ ተይዛ ከሆነ፣ ትእዛዙን ማን ይፈጽመዋል? የማርን ዋጋ ከአዲስ አበባ በስልክ በሰዓቱ ብንሰማም መኪና ካልመጣ ማሩ ከመጋዘን አይወጣም።

ስለዚህ የእኔ አሳብ፣ የነጋዴው ገንዘብ አስቀድሞ በጄኔሬተር ነዳጅና በባትሪ፣ በኦክስጅንና በሌሊት ነርሶች ላይ ይዋል የሚል ነው። ነርሶችን በሰቆጣ ለማቈየት ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ቤትም ያስፈልጋል፤ የሚከራይ ቤት ያለን ሰዎች በቅናሽ ብንሰጣቸው ከብዙ መዋጮ ይበልጣል። ከዚያ በኋላ የሩቁ መሣሪያ ይምጣ። በመጣ ጊዜም ሻጩ ሲበላሽ ማን እንደሚጠግነውና መለዋወጫው ከየት እንደሚገኝ በውሉ ይጻፍ፤ የሩቁ ሐኪም በሌሊት ለማዘዝ ያለው ሥልጣንም ሁለቱ ሆስፒታሎች በሚፈራረሙት ወረቀት ላይ ይስፈር። እነዚህ እስኪጻፉ ድረስ ክፍያው ይቈይ።