ስለ ሴት ልጅ ክብር ለኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡራን የባለሥልጣኑ ኃላፊዎች ሆይ፤

በአትላንታ አጠገብ በዲኬተር የምንኖር ኢትዮጵያውያን፣ ልጆቻችን አማርኛን ከእኛ አንደበት ቀጥሎ የሚሰሙት ከቤተ ክርስቲያን ስብከትና ከአዲስ አበባ ከሚመጣው የዘፈን ክሊፕ ስለ ሆነ፣ በዚያ ክሊፕ ውስጥ በአርአያ እግዚአብሔር የተፈጠረችው ሴት ከስሟና ከቃሏ ተለይታ ገላዋ ብቻ ለፍትወት ሲቀርብ እያየሁ ዝም እንድል ኅሊናዬ አልፈቀደልኝም።

«ድሮ ሴት ትከበር ነበር፤ የከፋው ዛሬ ነው» የሚሉትን ወገኖች ፍርድ ግን እንዳለ አልቀበለውም። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ በሕግ በጸና ጋብቻ ካገባት ከቅጣት ያድነው ነበር፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድትዳር ይፈቅድ ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ በአርሲ፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተጠለፈች የ14 ዓመት ልጅ ጠላፊዋን ገድላ በነፍስ ግድያ ስትከሰስ፣ የሕግ ባለሙያዋ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊና የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ተሟግተውላት፣ ራሷን ተከላክላለች ተብሎ በነጻ ተለቀቀች። የጋብቻ ዕድሜ በ1992 ዓ.ም. ወደ 18 ከፍ አለ፤ ከ1997 ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግም ጠላፊው በጋብቻ ያገኝ የነበረውን ምሕረት አስቀረ።

እንግዲህ ጠለፋ ፈጽሞ ባይጠፋም ሕጉ ፊቱን አዙሮበታል፤ የከፋው ሌላ ነው። ቀድሞ በአንድ መንደር ተወስኖ የነበረው ክፉ አስተያየት ዛሬ በዩቲዩብና በቲክቶክ ተመልካች በበዛ ቁጥር ገንዘብ የሚገኝበት ንግድ ሆነ፤ ጥፋቱም እንደ ቀድሞው በሴቲቱ ላይ ይጣላል፤ ወንጌል ግን የዝሙትን ኃጢአት በተመልካቹ ልብ ውስጥ ያኖረዋል እንጂ በምትታየው ላይ አይጭነውም። በሴት ላይ ማሳበብ ወዴት እንደሚያደርስም አይተናል፤ መጋቢት 7 ቀን 2013 ዓ.ም. በዚሁ በአትላንታና በአካባቢዋ በመታሻ ቤቶች 8 ሰዎች፣ ከእነርሱም 6ቱ የእስያ ተወላጅ የሆኑ ሴቶች፣ በጥይት ሲገደሉ፣ ገዳዩ ቤቶቹ የፈተና ምክንያት ሆነውብኝ ነበር ብሎ ለፖሊስ መናገሩን ሰማን፤ የራሱን ፍትወት በሥራቸው ላይ በነበሩ ሴቶች ደም ሊያጠፋ መነሣቱ ነበር።

ስለዚህ ልመናዬ በክሊፑ ስለሚታዩት ወጣት ሴቶች ቅጣት አይደለም፤ ከእነርሱ ገላ ስለሚያተርፉት ነው። ዐዋጅ ቁጥር 759/2004 የሰውን ክብርና እኩልነት በጾታ ምክንያት የሚነካ ማስታወቂያን ከልክሏል፤ የቢራ ማስታወቂያም፣ ለጣቢያዎች ትልቅ ገቢ ሆኖ ሳለ፣ በዐዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከቴሌቪዥን እንዲወጣ ተደርጓል። የማስታወቂያው ሕግ ሥልጣን በእጃችሁ ነውና፣ የትኛው ማስታወቂያ የሴትን ክብር በመንካት እንደ ታገደና ለምን እንደ ታገደ በየጊዜው ለሕዝብ እንድትገልጹ፣ ጣቢያዎችም ክሊፕ ለማሳየት ሲመርጡ በዚሁ የክብር ሚዛን እንዲመዝኑ እንድታዝዙ፣ በውጭ አገር የምንኖር ወላጆችም አቤቱታችንን የምናቀርብበትን መንገድ እንድትከፍቱልን በትሕትና እለምናለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ኢትዮጵያዊ አባት፣ ከዲኬተር፣ ጆርጂያ