ከጉባኤው ጓዳ፦ የቴክኖሎጂውን ዓለም የሚያሰባስቡ ሴት በጎ ፈቃደኞች

እ.ኤ.አ በ2016 መገባደጃ በስፔኗ ባርሴሎና በተካሄደው የማሽን ለርኒንግ ጉባኤ በሺዎች የሚቆጠሩ ተመራማሪዎች ታድመው ነበር። ጉባኤው በዘርፉ ከሚታወቁት ታላላቅ መድረኮች አንዱ ነው፤ ያኔ ኒፕስ ይባል ነበር፤ ዛሬ ኒውሪፕስ ተብሎ ይጠራል። ከታዳሚዎቹ መካከል አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉት ተመራማሪ ትምኒት ገብሩ ይገኙበታል። ትምኒት በሕዝቡ መካከል ጥቁር ተሳታፊዎችን መቁጠር ጀመሩ። ያገኙት 6 ሰው ብቻ ነበር፤ ከስድስቱም ጥቁር ሴት ራሳቸው ብቻ ነበሩ።

እንዲህ ያለ ነገር ያየ ሰው ብዙ ጊዜ ቅሬታውን በሆዱ ይዞ ወደ ሥራው ይመለሳል። ትምኒት ግን ያዩትን በአደባባይ ጻፉ። በተከታዩ ዓመትም ከሌላዋ የአዲስ አበባ ልጅ ከረድኤት አበበና ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር “ብላክ ኢን ኤአይ” የተሰኘውን ስብስብ መሠረቱ። የመጀመሪያው ዐውደ ጥናታቸው በታኅሣሥ 2017 እ.ኤ.አ በካሊፎርኒያ ሎንግ ቢች፣ ያው ጉባኤ በተካሄደበት ሥፍራ ተከናወነ።

ይህ ትንታኔ የሚያተኩረው በአዳራሹ በቀረበው ሳይንስ ላይ አይደለም። እንግዳ ሆኖ የመጣን ሰው ቤተኛ በሚያደርገው ሥራ ላይ ነው። ከዚህ በታች በምንመለከታቸው ስብስቦች ሥራውን የጀመሩትና የተሸከሙት ሴት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ክፍያ የለውም፤ በሥራ ዕድገት መመዘኛ ላይም እምብዛም ቦታ አይሰጠውም።

ቆጠራው ከባርሴሎና በፊት የጀመረ ነው። እ.ኤ.አ በ1987 አሜሪካዊቷ የኮምፒውተር ሳይንቲስት አኒታ ቦርግ በአንድ የኦፕሬቲንግ ሲስተም ጉባኤ ላይ ተገኝተው ነበር። ሴቶቹ እጅግ ጥቂት ከመሆናቸው የተነሣ ተገናኝተው ወግ የጀመሩት በሴቶች መጸዳጃ ክፍል ነበር። ከዚያ ወግ “ሲስተርስ” የተባለ የኢሜይል መወያያ ተወለደ። ቦርግ ከቴል ዊትኒ ጋር ሆነው በ1994 በዋሽንግተን ዲሲ በፕሮግራሚንግ ፈር ቀዳጇ በግሬስ ሆፐር ስም የሚጠራውን የሴቶች ጉባኤ ጀመሩ። በመጀመሪያው ዓመት 500 ያህል ሰው ተገኘ፤ ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በኋላ የታዳሚው ቁጥር ከ10 ሺህ አለፈ።

በ2005 ደግሞ በዚያው በኒፕስ ጉባኤ አንድ የሆቴል ክፍል የተጋሩ ወጣት ሴት ተመራማሪዎች በሙያቸው የሚያውቋቸውን ሴቶች ስም መዘርዘር ያዙ። ዝርዝሩ አጭር ነበር። በማግሥቱ ዓመት ሃና ዋላክ፣ ጄኒፈር ዎርትማን እና ሊሳ ዌይነር “ዊሜን ኢን ማሽን ለርኒንግ” የተባለውን ዐውደ ጥናት በሳን ዲዬጎ አዘጋጁ። ያኔ ሦስቱም ገና ተማሪዎች ነበሩ። ከ2008 ጀምሮ ዐውደ ጥናቱ ወደ ኒፕስ ተጠግቶ መካሄድ ጀመረ። ከመጸዳጃ ክፍልና ከሆቴል መኝታ የተነሣ ሐሳብ በጉባኤው መርሐ ግብር ላይ እንዲሰፍር ያበቃው የእነዚህ ሰዎች የትርፍ ጊዜ ጉልበት ነው።

“ማኅበረሰብ መገንባት” የሚለው ሐረግ በመግለጫዎች ላይ ሲነበብ ቀላል ይመስላል። ሥራው ግን ዝርዝርና አድካሚ ነው። ከጉባኤው ወራት ቀድሞ የጥናት አጭር መግለጫዎች ይሰበሰባሉ፤ አንባቢ ይፈለግላቸዋል፤ ላልተሳካለት አመልካች ቅስሙን የማይሰብር ምላሽ ይጻፋል። ከስፖንሰሮች የተገኘው ገንዘብ ለጉዞ ድጋፍ ይደለደላል። ከአዲስ አበባ ወይም ከአክራ የሚነሣ ተማሪ የአውሮፕላን ቲኬቱ ዋጋ ከወራት ደመወዙ ሊበልጥ ስለሚችል፣ “ገንዘቡን ከፍለህ ና፤ ኋላ እንመልስልሃለን” ማለት “አትምጣ” ከማለት እንደማይለይ የሚያውቅ ሰው በኮሚቴው ውስጥ መኖር አለበት። ለኤምባሲ የሚቀርብ የግብዣ ደብዳቤ ይዘጋጃል፤ ክፍል የሚጋሩ ሰዎች ይጣመራሉ፤ ጀማሪው ከአንጋፋው ጋር የሚቀመጥበት ጠረጴዛ ይታሰባል።

ከሁሉ የሚረቀው ግን በሻይ ዕረፍት የሚሠራው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣች ተመራማሪ ሲኒዋን ይዛ ግድግዳ ተጠግታ ስትቆም አይቶ፣ ቀርቦ ስሟን መጠየቅ፣ “ነይ፣ አንቺ የምትሠሪውን የሚሠሩ ሰዎች እዚያ አሉ” ብሎ መውሰድ። ይህን የሚያደርግ ኮሚቴ የለም፤ የሚያደርግ ሰው እንጂ። በሀገራችን ድግስ ጓዳ የገባ ሰው ነገሩ አይጠፋውም፦ እንግዳው መብላት አለመብላቱን የምታውቀው ዳሱን የተከለው ሰው ሳይሆን በየመደዳው የምትመላለሰዋ ሴት ናት።

የበጎ ፈቃደኞቹ ጉልበት የማይሻገረው አጥርም አለ። እ.ኤ.አ በ2018 ጉባኤው በካናዳዋ ሞንትሪያል ሲካሄድ በብላክ ኢን ኤአይ ዐውደ ጥናት ላይ ጥናት እንዲያቀርቡ የተጋበዙ በርካታ አፍሪካውያን ቪዛ ተከለከሉ። ለወራት የተደከመበት ድጋፍ በቆንስላ መስኮት ላይ ቆመ። በቀጣዩ ዓመት በቫንኩቨርም ተመሳሳይ ክልከላ አጋጠመ።

አንድ አንባቢ “ይህ ሁሉ የተመራማሪዎች የእርስ በርስ ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?” ሊል ይችላል። በእርግጥ ያገባናል። ትምኒት ገብሩ ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር በ2018 ያሳተሙት ጥናት በገበያ ላይ የነበሩ 3 የፊት መለያ ሶፍትዌሮችን ፈትሿል። ሶፍትዌሮቹ የነጣ ቆዳ ያላቸውን ወንዶች ጾታ ሲለዩ ከፍተኛው ስሕተታቸው 0.8 በመቶ ነበር፤ ጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ሴቶች ላይ ግን እስከ 34.7 በመቶ ደረሰ። ይህን ጉድለት ካሳዩት ሁለት ተመራማሪዎች አንዷ በጉባኤው ላይ ብቸኛ ጥቁር ሴት የነበረችው መሆኗ በአጋጣሚ ብቻ የሚታለፍ አይመስለንም። በአዳራሹ ያልተገኘ ሰው ፊት በማሽኑም ዘንድ ሳይታይ ይቀራል።

ለአማርኛ ተናጋሪው ደግሞ ከዚህም የቀረበ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ ከ2017 ጀምሮ በየዓመቱ በአፍሪካ ከተሞች ለማካሄድ የታሰበው “ዲፕ ለርኒንግ ኢንዳባ” የተሰኘው መድረክ የአህጉሪቱን ተመራማሪዎች ማሰባሰብ ጀመረ። በዚህ እንቅስቃሴ መካከል ደቡብ አፍሪካውያኑ ጄድ አቦት እና ላውራ ማርቲነስ በ2019 “ማሳካኔ” የተባለውን የበጎ ፈቃደኞች ስብስብ ጠነሰሱ። ቃሉ በዙሉ ቋንቋ አብሮ መገንባትን የሚያመለክት ነው። አባላቱ በየሀገራቸው ሆነው የአፍሪካ ቋንቋዎችን ለማሽን ትርጉምና ለሌሎች አገልግሎቶች የሚያበቃ ዳታ ያዘጋጃሉ። በ2021 ይፋ ያደረጉት፣ የሰው፣ የቦታና የድርጅት ስሞችን ከጽሑፍ ለይቶ ለማውጣት የሚያገለግለው የዳታ ስብስብ 10 የአፍሪካ ቋንቋዎችን ይዟል። አማርኛ አንዱ ነው፤ ከዐሥሩም በላቲን ፊደል የማይጻፈው እርሱ ብቻ ነው። ትላልቆቹ ኩባንያዎች ገበያው አነስተኛ ነው ብለው የዘለሉትን ሥራ፣ በየማታው ዐረፍተ ነገር እየለቀሙ ምልክት ያደረጉበት በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

እንግዲህ የዚህ ጉልበት ዋጋ ማን ይከፍላል? እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የኩባንያዎች የስፖንሰር ገንዘብ ቀዳዳውን ይሸፍን ነበር። ያ ምንጭ እየደረቀ ነው። ከ145 ሀገራት 360 ሺህ አባላት እንዳሉት ይገልጽ የነበረው “ዊሜን ሁ ኮድ” የተባለው ድርጅት በሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ የገንዘብ ምንጮቹ መጎዳታቸውን ገልጾ ተዘጋ። በዚያው ዓመት በሐምሌ “ገርልስ ኢን ቴክ” ተከተለው። በጥር 2025 የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የብዝኃነትና የአካታችነት መርሐ ግብሮችን እንዲያቆም ታዘዘ። በዚያው ወር ሜታ የራሱን መርሐ ግብሮች አቋረጠ፤ ጉግልም በተከታዩ ወር የቅጥር ግቦቹን ተወ። ቀድሞም ቢሆን በ2023 በኦርላንዶ በተካሄደው የግሬስ ሆፐር ጉባኤ፣ ከቴክኖሎጂው ዘርፍ የሠራተኛ ቅነሳ በኋላ ሥራ የሚፈልጉ ወንዶች በቅጥር ዐውደ ርእዩ በብዛት ተሰልፈው፣ መድረኩ የተዘጋጀላቸው ሴቶች ወረፋ ሲጠብቁ ታይተዋል። የወንዶቹም ችግር እውነተኛ ነበር፤ ሥራ የሚያጣ ሰው በር አይመርጥም።

በጎ ፈቃድ በራሱ ብዝበዛ ነው ማለት ልክ አይሆንም። በጎ ፈቃደኛዋም ታተርፋለች፦ ሰው ታውቃለች፣ ስሟ ይታወቃል፣ ነገ የራሷን መድረክ ታቋቁማለች። ረድኤት አበበ የአልጎሪዝምን ጥበብ ለማኅበራዊ ፍትሕ ለማዋል የሚሠራ ስብስብ በጋራ መሥርተው፣ ስብስቡ በ2021 ዓለም አቀፍ ጉባኤ እስከ መጀመር ደርሷል። ነገር ግን ገበሬው ደቦንና ወንፈልን ለይቶ ያውቃል። በደቦ ጠሪው አብልቶና አጠጥቶ ያሠራል፤ አዝመራው የእርሱ ነው። በወንፈል ግን ቀን በቀን ይመለሳል፤ ዛሬ ለአንተ ያረስሁልህን ነገ ለእኔ ታርስልኛለህ። የቴክኖሎጂ ጉባኤዎች ሴት በጎ ፈቃደኞችን ሲጠሩ የኖሩት በደቦ ሥርዓት ነው። አንድ ወንድ ባልደረባዋ ጥናቱን በሚጽፍበት ሳምንት እርሷ የቪዛ ደብዳቤ ትጽፋለች፤ በዓመቱ መጨረሻ የሚቆጠረው ግን ጥናቱ ነው። በየዩኒቨርሲቲው የዕድገት መመዘኛ ላይ ለዚህ ሥራ ነጥብ መስጠት፣ በጉባኤው በጀት ላይም ለአስተባባሪዎች ክፍያ መመደብ ከብድር መላሽነት አያልፍም።

ነገሩ ለሀገራችን ሩቅ አይደለም። የቪዛው ክልከላ ያስነሣውን ቅሬታ ተከትሎ “አይክለር” የተሰኘው ታላቅ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ጉባኤ በሚያዝያ 2012 ዓ.ም በአዲስ አበባ እንዲካሄድ ተወስኖ ነበር። ለአንድ ጊዜ እንኳ ቪዛ ጠያቂው ሌላው፣ ተቀባዩ እኛ ልንሆን ነበር። የኮሮና ወረርሽኝ ደረሰና ጉባኤው በበይነ መረብ ተካሄደ። ከ3 ዓመታት በኋላ በግንቦት 2023 እ.ኤ.አ ወደ አፍሪካ ሲመጣ አስተናጋጇ ኪጋሊ ሆነች።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር ዛሬ በየክልሉ ወጣቶችን በበይነ መረብ እያሠለጠነ ነው። ሠልጣኙ ምስክር ወረቀቱን የሚቀበለው ብዙ ጊዜ ብቻውን፣ በስልኩ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ እነዚህን ወጣቶች በባሕር ዳር፣ በጎንደር ወይም በደሴ አንድ አዳራሽ የሚያሰባስብ፣ ከገጠር የመጣችውን ሠልጣኝ የት እንደምታድር የሚጠይቅ፣ በሻይ ዕረፍቱ ከግድግዳው አጠገብ የሚያነሣት ሰው ያስፈልጋል። መድረኩ ሲዘጋጅ የድምፅ ማጉያው፣ የባነሩና የመስተንግዶው ወጪ በበጀቱ ላይ በየመደቡ ይሰፍራል። የእርሷን የሚይዝ መደብ እስካሁን አላየንም።