ብር የሌለበት ብር

ትሮምቦን ዜማውን የሚያወጣው ከጣት ይልቅ በክንድ ነው፤ ተንሸራታቹ ቱቦ ሲረዝም ድምፁ ይወፍራል፣ ሲያጥር ይቀጥናል። ታዲያ ይህ ቱቦ ከየትኛው ብረታ ብረት ይሠራ? የውጪው ቱቦ ናስ ሲሆን ድምፁ ሞቅ ይላል፣ ኒኬል ሲልቨር ሲሆን ደግሞ ይጠራል ይላሉ ነፊዎች። የሚገርመው፣ ኒኬል ሲልቨር በስሙ ብር ቢባልም ብር የለበትም፤ የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅይጥ ነው። ስሙ ሰም ነው።

ወርቁስ? ወርቁ ያለው ከቱቦው አነሣሥ ላይ ነው ባይ ነኝ። የውስጡ ቱቦ አብዛኛውን ጊዜ በክሮም የሚለበጠው ለጌጥ አይደለም፤ ሰበቃው እንዲቀንስና ቶሎ እንዳይበላ ነው። ቱቦው ከጎበጠ ወይም ቅባት ካጣ ክንድ ይዘገያል፤ ክንድ ከዘገየ ቃናው ቦታውን ይስታል። ያን ጊዜ ናስም ኒኬልም አያድኑትም።

ስለዚህ ድምፁ ያላማረለትን ተማሪ ‹‹ውድ መሣሪያ ግዛ›› ብለን ተስፋ ከማስቆረጣችን በፊት የያዘውን ቱቦ እናጽዳለት፣ እናቃናለት። ቤት ያልመታ ግጥም በብርቅ ቃል እንደማይቃና የግጥም ወዳጆች ታውቃላችሁና።