ቆሻሻው ተሸፈነ ማለት አደጋው ተወገደ ማለት አይደለም

አንድ ከተማ ለማን እንደቆመ የሚታወቀው በሚያነጥፈው አስፋልትና በሚያቆመው ፎቅ ብቻ አይደለም። ጥራጊውን የት እንደደፋ፣ በደፋበትም ላይ ማንን እንዳስቀመጠ ሲመረመር ጭምር ነው። ቆሻሻ ከባለጸጋው ደጃፍ ሲከመር አይታይም፤ ከክምሩ ሥር የሚቀለሰውም ጎጆ ሌላ ማረፊያ ያጣው የወዛደር ጎጆ ነው። ስለሆነም የቆሻሻ መጣያዎች አዘጋግና በላያቸው የሚካሄደው ግንባታ የመሐንዲሶች ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የመደብ ጥያቄም ነው።

ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻንም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቆሼ የሚባለው የረጲ የቆሻሻ ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችንን ቀበረ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ተራራው በአንድ ሌሊት የተከመረ አልነበረም፤ ከ50 ዓመታት በላይ የከተማይቱን ጥራጊ ሲሸከም ኖሯል። በ2008 ዓ.ም. በሰንዳፋ አዲስ መጣያ ቢከፈትም የአካባቢው ገበሬዎች ብክለቱን በመቃወማቸው ሥራው በወራት ውስጥ ቆመ፤ ቆሻሻውም ወደ ቆሼ ተመለሰ። የአንዱን ጭቁን ሸክም በሌላው ጭቁን ትከሻ ላይ ማዛወር መፍትሔ ሊሆን አይችልም።

ሕግ አልነበረም እንዳይባል፣ የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ነባር ማስወገጃ ቦታዎች የአካባቢ ኦዲት እንዲደረግባቸው ደንግጎ ነበር። ተራራው የተናደው አዋጁ በወጣ በ10ኛው ዓመት ነው። ሕግ በወረቀት ላይ ተኝቶ ሕዝብ ካለቀ በኋላ የሚደረገው ሩጫ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

የተቀበረ ቆሻሻ የሞተ ነገር አይደለም። አየር በሌለበት ሲበሰብስ ለአሥርት ዓመታት ሜቴን የተባለውን ጋዝ ያመነጫል፤ ይህም ጋዝ ከአየር ውስጥ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲይዝ በአንዲት የእሳት ፍንጣሪ ይፈነዳል። ከክምሩ የሚወርደው ፍሳሽ ወንዝና ጉድጓድ ይመርዛል። መሬቱም እኩል ስለማይሰምጥ ግድግዳ ይሰነጥቃል። አደጋው እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውኃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 በእንግሊዝ አገር ሎስኮ በተባለች መንደር፣ ከተሸፈነ መጣያ በመሬት ውስጥ የተጓዘ ጋዝ አንድ መኖሪያ ቤት አፈራርሷል። በአሜሪካም ላቭ ካናል በተባለው ስፍራ መርዝ የተቀበረበት መሬት እ.ኤ.አ. በ1953 በ1 ዶላር ተሸጦ ትምህርት ቤት ተሠራበት፤ በ1978 ግን የአስቸኳይ ጊዜ ታውጆ ነዋሪዎቹ ቤታቸውን ጥለው ወጡ። ለትርፍ ሲባል የተደበቀውን ዕዳ የከፈሉት እናቶችና ሕፃናት ናቸው።

በእኛ አገር የከተማ ቦታ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የሕዝብ ሀብት ሆኗል። መሬቱ የሕዝብ ከሆነ በሆዱ የተቀበረውን የማወቅ መብትም የሕዝብ ነው። ስለዚህ የሚከተሉት በጥብቅ ሊፈጸሙ ይገባል እንላለን፦

አንደኛ፣ መጣያ ሲዘጋ ተዳፋቱ ተስተካክሎ፣ በሸክላ አፈር ተሸፍኖ፣ የጋዝ መተንፈሻና የፍሳሽ መቀበያ ተበጅቶለት ለአሥርት ዓመታት ቁጥጥር ይደረግበት፤ በጀቱም አስቀድሞ ይመደብ።

ሁለተኛ፣ የአፈሩ፣ የውኃውና የጋዙ ምርመራ ውጤት ለነዋሪው በይፋ ሳይገለጽ በቀድሞ መጣያ ላይ የግንባታ ፈቃድ አይሰጥ።

ሦስተኛ፣ ከስፍራው የሚነሡ ነዋሪዎች ከቆሻሻ ለቅመው ኑሯቸውን የሚገፉት ጭምር መጠለያና ሥራ ሳይዘጋጅላቸው አይፈናቀሉ።

የሰፈር ማኅበራት አባላትና ሠራተኞች ሆይ! የትኛው ገደል በጥራጊ እንደተሞላ፣ የትኛው የድንጋይ ካባ እንደተደፈነ ከማንም በፊት የሚያውቁት የየሰፈሩ ሽማግሌዎች ናቸው። ይህን ዕውቀት በስብሰባዎቻችን መዝግበን ለሚመለከታቸው ክፍሎች እናቅርብ፤ መልስ እስኪገኝም እንጠይቅ። በግንባታው የምንሰማራ ሠራተኞችም መሠረት ስንቆፍር ጥራጊ ካገኘን አፈር መልሰን አንለፈው። የቆሼ ሙታን ከእኛ የሚሹት እንባ ብቻ ሳይሆን የነቃና የተደራጀ ጥበቃ ነው።