መርፌ ያልነካው ዕጢ

ከንፈራችን ላይ ውኃ ቋጥሮ ሲወጣ ምች ነው ብለን ዳማከሴ የምናሽበት ቁስል፣ አብዛኛውን ጊዜ የሄርፒስ ሲምፕሌክስ ቫይረስ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ይህንኑ ቫይረስ፣ ጂኖቹ ተነካክተው ቲ-ቬክ ተብሎ፣ ሜላኖማ ለተባለው የቆዳ ካንሰር መድኃኒት እንዲሆን ፈቀደ።

ስለዚህ ሕክምና ሲወራ ቫይረሱ የካንሰሩ ህዋስ ውስጥ ገብቶ ይራባል፣ ያፈነዳዋል፣ ጤነኛውን ይተወዋል ይባላል። ውሸት የለበትም። የእኔ ሙግት ግን መግደሉ መነሻ ብቻ ነው፤ ዋናው ሙያው የተደበቀውን ዕጢ ለሰውነት መከላከያ ማጋለጡ ነው የሚል ነው።

አሠራሩን እንይ። ጤነኛ ህዋስ ቫይረስ እንደገባበት ሲያውቅ የፕሮቲን ምርቱን ያቆማል፤ ወራሪው መራቢያ ያጣል። አይሲፒ34.5 የተባለው የቫይረሱ ጂን ይህን እገዳ ያፈርሳል። ተመራማሪዎቹ ጂኑን አወጡት። እገዳው ብዙ ጊዜ በተበላሸበት የካንሰር ህዋስ ውስጥ ግን ቫይረሱ ያለ ጂኑም ይራባል። ቀጥሎ የወጣው አይሲፒ47 ቫይረሱ ከመከላከያ ህዋሳት የሚሰወርበት ነው፤ መውጣቱ መራባቱንም ያግዛል። በምትኩ ጂኤም-ሲኤስኤፍ የተባለውን፣ የመከላከያ ህዋሳትን የሚጠራ ፕሮቲን የሚያሠራ የሰው ጂን አስገቡለት። ገዳይ ብቻ ቢፈልጉ ኖሮ ይህን ሁሉ ምን አደከማቸው?

በ436 ታካሚዎች ላይ በተደረገው ዋናው ሙከራ፣ በቀጥታ ከተወጉት ዕጢዎች 64 በመቶው ቢያንስ በግማሽ ቀነሱ። ካልተወጉት ደግሞ የቆዳና የንፍፊት ዕጢዎች 34 በመቶ፣ የውስጥ አካል ዕጢዎች 15 በመቶ እንዲሁ ቀነሱ። መርፌ ያልነካውን ዕጢ ያሳነሰው በዋናነት የነቃው መከላከያ ነው ብል ብዙ የምሳሳት አይመስለኝም። ጠሪው ብቻውን ግን አይበቃም፤ ለማነጻጸሪያ ጂኤም-ሲኤስኤፍ ብቻ ከተሰጣቸው ታካሚዎች ዘላቂ ለውጥ ያሳዩት 2.1 በመቶ ሲሆኑ፣ ቲ-ቬክ በወሰዱት ቁጥሩ 16.3 በመቶ ነበር። መከላከያው ጠላቱን እንዲለይ የፈነዳው ህዋስ ስብርባሪ ያስፈልገዋል።

ሙግቴን የሚፈትን ውጤትም አለ። ቲ-ቬክ የመከላከያ ህዋሳትን ልጓም ከሚፈታው ፔምብሮሊዙማብ ጋር በ692 የሜላኖማ ታካሚዎች ላይ ተሞከረ፤ ፔምብሮሊዙማብ ለብቻው ከሰጠው የተሻለ ዕድሜ አላስገኘም። እዚያ የተፈተኑት ግን ፔምብሮሊዙማብ ራሱ ሊሠራላቸው የሚችሉ ሰዎች ነበሩ። ጠሪ የሚያሻው መድኃኒቱ እምቢ ላለው ነው።

አርፒ1 የተባለው ሌላ የተሻሻለ ሄርፒስ የተሞከረው እንዲህ ባሉ 140 ታካሚዎች ላይ፣ እንደ ፔምብሮሊዙማብ ልጓም ከሚፈታው ኒቮሉማብ ጋር ነው። ሲሶ ያህሉ ዕጢያቸው ቀነሰ። ሆኖም የአሜሪካው የመድኃኒት አስተዳደር በሐምሌ 2025 የፈቃድ ማመልከቻውን መለሰው፤ ሙከራው ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረውም። ጃፓን በ2021 ለአንጎል ካንሰር የሚሆን የሄርፒስ ቫይረስ ያጸደቀችው ማነጻጸሪያ በሌለው፣ በ19 ታካሚዎች ሙከራ ነው፤ ፈቃዱ ግን በሰባት ዓመት የተገደበ ነው።

ታካሚ ፊት ቆሞ «ማነጻጸሪያ የለም» ማለት ጭካኔ ይመስላል። እኔ ግን አሜሪካኖቹ ልክ ናቸው እላለሁ። ቫይረሱና ኒቮሉማብ አብረው ሲሰጡ፣ መርፌ ያልነካው ዕጢ የቀነሰው በየትኛው ጥሪ እንደሆነ የሚለየው ኒቮሉማብን ያለ ቫይረሱ የወሰደ ቡድን ሲኖር ብቻ ነው።