ግቢ ጉባኤ ከብላቴ በፊት

ግቢ ጉባኤ ከየት መጣ ተብሎ ሲጠየቅ አብዛኛው ልጅ "ከብላቴ" ይላል። ልክ ነው። እንደሚታወቀው በ1983 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ለወታደራዊ ሥልጠና ወደ ብላቴ ልኮ ነበር። እዚያ ካምፕ ውስጥ ተሰብስበው ይጸልዩ የነበሩ ልጆች በግንቦት ወር መንግሥቱ ሲወድቅ ቢበተኑም ኅብረታቸውን አልተዉትም። ቀደም ሲል በአቡነ ጎርጎርዮስ ሥር በዝዋይ ይማሩ ከነበሩ ወጣቶች ጋር ተገናኙና በ1984 ዓ.ም. ማኅበረ ቅዱሳን ተመሠረተ። በየዩኒቨርሲቲው የምናያቸው ግቢ ጉባኤያትም የሚደራጁት በዚሁ ማኅበር በኩል ነው።

እኔ ግን ይህ ታሪክ ያጥርብኛል። አደረጃጀቱን ይናገራል፤ ጠባዩን አይናገርም። ቡሬ ላደገ ሰው ግቢ ጉባኤ አዲስ ነገር አይሆንበትም። ጽዋ ማኅበር ያውቃላ! የማርያም ማኅበር በወር በ21 ይጠጣል፤ ተረኛው ጠላውንና ዳቦውን ያዘጋጃል፤ ሙሴው ይመራል። የቀረ ሰው ካለ "እገሌ ምን ሆኖ ነው?" ይባላል፤ ታሞም ከሆነ እዚያው ይታወቃል። በግቢ ጉባኤ የአባላት ጉዳይ የሚባለው ክፍል የሚሠራው ሌላ ምንድን ነው?

ከዚያም በላይ የቆሎ ተማሪው አለ። ቅኔ ፍለጋ ከየአገሩ በእግሩ ወደ ጎጃም ይመጣል፤ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ "በእንተ ስማ ለማርያም" ይላል። ጎጆውን ከጓደኞቹ ጋር ይሠራል፤ የለመነውን አብሮ ይበላል፤ የቀደመው የኋለኛውን ያስተምራል። ከገጠር መጥቶ ዶርሙን እንኳ ለማግኘት የሚቸገረውን ፍሬሽ ሻንጣውን ተሸክሞ የሚያደርሰው፣ ሃንድአውት የሚያወርሰው የግቢ ጉባኤ ልጅ የዚህ ወግ ወራሽ ነው ብዬ አምናለሁ።

ታዲያ ቅሬታዬም ከዚሁ ይመጣል። ያ ገበሬ አኩፋዳ ውስጥ እህል ሲጨምር "የማን ልጅ ነህ? የየትኛው ማኅበር አባል ነህ?" አላለም። እኛ ጋ ግን የምናየው የሚመጣውን ነው። ጉባኤ የማይመጣ፣ መዝሙር የማይሆንለት ልጅ ሳሙና መግዣ ቢያጣ ማን ያውቅለታል? ሙስሊሙ በጀመዓው፣ ጴንጤው በፌሎሺፑ ይደገፍ ይሆናል፤ የትም የሌለው ግን ችግሩን ይዞ ይተኛል። አንዳንዶቹ ከሦስተኛው ወር በኋላ ሳይሰናበቱ ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። "ዊዝድሮው ሞላ" ሲባል እንሰማለን፤ በቃ።

"ግቢ ጉባኤ የሃይማኖት ትምህርት መማሪያ እንጂ ዕድር አይደለም" የሚሉኝ ልጆች አሉ። አከብራቸዋለሁ፣ ግን አልስማማም። ትምህርቱ ራሱ የተራበውን አብላ ነው የሚለው። ደግሞ ሸክሙ ሁሉ በተማሪ ኪስ ላይ መውደቁ ተገቢ አይደለም። ግቢው ራሱ የተቸገረ ተማሪውን ማወቅ አለበት፤ ጸሎት ቤት ሄዶ እስኪያለቅስ መጠበቅ የለበትም።

እኔ የምለው ይህን ነው፦ የሦስቱም ኅብረቶች የበጎ አድራጎት ልጆች በወር አንድ ቀን ከተማሪዎች ዲን ቢሮ ጋር ይቀመጡ። ስብከትም ክርክርም አይኑር። በየብሎኩ ክላስ ያቆመ፣ ካፌ የቀረ፣ የታመመ ማን እንዳለ ብቻ ይነጋገሩ፤ የማንም አባል ይሁን አይሁን። አዲስ ገቢዎች ከመድረሳቸው በፊት መጀመር ይቻላል።